በየማለዳው እላጫለሁ

ማክሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የምጨቃጨቀው ሰው ባጣ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ዝም ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ ግድግዳው ይስማማል። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ ካረጀሁ በኋላ። ጽሑፌ ቢወላገድ የሚያርመኝ የለም፣ ስለዚህ ትክክል ነው።

ሥራዬ ጸጉር ማስተካከል ነው። በዚህ መንገድ ጸጉር ቤት ሞልቷል። አረፋ በብሩሽ መትቶ፣ ምላጭ በቆዳ ቀበቶ ላይ ስሎ ጢም የሚላጭ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ቶንዶዝ ሲያስጓራ ነው የሚውለው። ሱቄ ሁለት ወንበር አለው። መስኮቱ ጋ ያለው የኔ ነው። ሁለተኛው ላይ የሚሠራውን እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ደንበኞች ሬዲዮ ይሉታል፣ ጠዋት ከተከፈተ የሚዘጋው ማታ ነውና። አርባ ዓመት አልፎታል፣ እስከ ዛሬ ግን ጋሼ ብሎ ነው የሚጠራኝ።

ዛሬ ሦስተኛው ደንበኛ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። የወንበሩን ጀርባ ይዤ ጨረስኩ። ማንም አላየኝም። ሬዲዮ አይቶ ይሆናል። አየሩ ነው።

ዓርብ 6

ብርድ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ሠራሁ። ደንበኞቹ በሸሚዝ ተቀምጠዋል። የሱቁ በር ንፋስ ያስገባል፣ መጠገን አለበት።

ሬዲዮ፦ "ጋሼ፣ ፊትዎ ገርጥቷል።"

"አረፋ ነው" አልኩት።

"አረፋማ ይታጠባል።"

በሩን ጠገነው። ብርዱ አልቀረም።

እሑድ 8፣ ማታ

ልጄ መጥታ ነበር። መናኸሪያ ትኬት ትቆርጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ሰውን ወዴት ነህ ስትል ስለምትውል እኔንም እንደ ተሳፋሪ ነው የምትጠይቀኝ።

"አባዬ፣ ይሄ ሱሪ የማን ነው?"

"የማን ይሆናል፣ የኔ ነው!"

"ታዲያ አንተ የት ሄድክ? ሱሪው ብቻውን ቆሟል እኮ።"

ቀበቶዬን አጠበቅሁ። ሾርባ ሠርታ ፊቴ አስቀመጠች። ሽታው ብቻ አጠገበኝ። ዕቃ ስታጥብ ጠብቄ ወደ ድስቱ መለስኩት። ከዚያ ከኋላዬ ቆማ ጭንቅላቴን ዳበሰች።

"ጠባሳው አልደበዘዘም። ምን ዓይነት የቁም ሳጥን በር ነው እንዲህ የሚመታ?"

"የድሮ ዕቃ ነው። ጠንካራ ነው።"

"እኔ ጋ ና እባክህ። ክፍሉ ባዶውን ነው። ሱቁን ለሬዲዮ ተውለት፣ አሁንስ ይብቃህ።"

"እኔ ከወንበሬ የምለየው ተሸክመው ሲያወጡኝ ነው" አልኳት። በሩን በቁጣ ዘግታ ብትሄድ ደስ ባለኝ። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

የቁም ሳጥን በር እንዳልሆነ እዚህ ልጻፈው፤ ደብተር አያሳብቅም። ከዝናቡ ወራት በፊት የታፔላችን አምፖል ተቃጠለ። ሬዲዮ "እኔ ልውጣ" አለ። የኔን አምፖል ሌላ ሰው አይለውጠውም፣ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወረድኩ። ሬዲዮ ወደቁ ይላል። አልወደቅሁም፣ ዘልዬ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ግን ከእግሬ በፊት ጭንቅላቴን አገኘው። ራስዎን ስተው ነበር ይላል ደግሞ። ዓይኔን ከድኜ ትንሽ አረፍኩ እንጂ ምን ሳትኩ። ክሊኒኩ ሰፋኝ፣ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ አሉኝ። ምኑን ነው የሚያዩት? ጭንቅላቴ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ሬዲዮን ለልጄ ትንፍሽ እንዳይል አስምዬዋለሁ። ለወሬ ነፍሱን ቢሰጥም ቃሉን ጠብቋል።

ረቡዕ 11

ዛሬ ትልቅ ቀን ነው!

ጠዋት ቧንቧው ደርቆ ሳልላጭ ሱቅ ገባሁ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ራሱ ያልተላጨ ሰው የሌላውን ጉንጭ አይነካም። ቀኑን ሙሉ ፊቴን ከመስታወት አዙሬ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ዳኛው መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ችሎቱ ግን ከአፋቸው አልወጣም።

"የኔ ጢም ጠዋት ተላጭቶ ማታ ይመለሳል" አሉ። "አንተ ግን ሁልጊዜ እንደ ተላጠ እንቁላል ነህ። ምን ትቀባለህ?"

"ዛሬ አልተላጨሁም። ይሄ የትናንቱ ነው።"

ሱቁ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዳኛው ተነሥተው ጉንጬን ዳበሱ። አላመኑም። እስከ ሰኞ ፊቴን ምላጭ ሳላስነካ ብቆይና ጢሜ ባይታይ የዝናብ ጥላቸውን ሊሰጡኝ፣ ከታየ እኔ ዓመቱን ሙሉ እየላጨሁ ላዜምላቸው ተወራረድን። ሬዲዮ ምስክር ሆነ።

ምላጬን አውቃታለሁ። ከሥር ነው የምታነሣው። መታጠቢያው ውስጥ ያለውን ውሃ ሳየው ሰንብቻለሁ፤ አረፋ ብቻ ነው፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለችበትም። እንዲህ የጠራ እጅ አለኝ።

ሰኞ 16

ጥላው የኔ ሆነ። የእንጨት እጀታ ያለው፣ የሚያምር።

ወሬው መንገዱን አዳርሷል። ዛሬ ምሳ አልበላሁም፣ ሰው በሰው ላይ ነበር። አንደኛው የፋርማሲው ባለቤት ነው፣ ቶንዶዝ ብቻ ነበር የሚያውቀው። "የሽማግሌውን ምላጭ" ብለው ነው የሚጠይቁት። የቅዳሜዎቹ ተመልሰው "የኛ በማግስቱ በቀለ" ሲሉ ጉዳዩ የቆዳችሁ ነው አልኳቸው።

ከአጎነበስኩበት ስቀና ዓይኔ ይጨልማል። ግድግዳ ይዤ ዓይኔ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። የኩራት ብዛት ይሆናል።

ውርርዱ ስላለቀ መላጨቴን ቀጥያለሁ። ምላጭ ያልነካው ፊት ይዤ ሱቅ አልከፍትም።

ሬዲዮ ዛሬ ብዙ አላወራም። ያየኛል።

ቅዳሜ 21

ራስ ምታት። አስመለሰኝ። ሻይ ብቻ።

ሁለት ሰው ላጨሁ፣ ሌላውን ለሬዲዮ ሰጠሁ። "ዛሬ እጄን ላሳርፈው" አልኩ። አንዱ ደንበኛ በር ላይ "ሽማግሌው እያለቀ ነው" ሲል ሰማሁት። ቀድሞ የመጣ ጊዜ አንገቱን ስላቆሰልኩት ይሆናል እንዳልል አላቆሰልኩትም። በአርባ ዓመት ማንንም አላቆሰልኩም።

ጫማዬን ለማውለቅ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አንዱን አወለቅሁ። ሌላው ይደር።

ሐሙስ 26

ሆስፒታል ነኝ። ደብተሩን ከሱቁ መሳቢያ ሬዲዮ አመጣልኝ። ሳታነበው አምጣ ብዬዋለሁ፣ አላነበብኩም ብሏል፣ አምነዋለሁ፤ ጽሑፌን ማን ይፈታዋል።

የሆነው ማክሰኞ ነው። ዳኛውን እየላጨሁ ነበር፣ ከጉሮሮአቸው ሥር፣ አደገኛው ቦታ ላይ። መሬቱ ከሥሬ ሄደ። በትክክል የማስታውሰው ይህን ነው፦ ምላጩን አጠፍኩ። ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ተኛሁ። ዳኛው ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደ ሆነ አብረውኝ እስከ እዚህ መጡ፤ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣቸውም። ይህ እንዲጻፍልኝ ነርሷን ጠይቄ ነበር፣ ቦታ የለውም አለችኝ። እዚህ ቦታ አለው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ። ደሜ ውስጥ ጨው ወርዷል፣ ግፊቴም ወርዷል፣ ስለዚህ በክንዴ ውሃ እየገባ ነው። ብዙ ጠየቀችኝ።

"አባባ፣ ጭንቅላትዎን ተመተው ወይም ወድቀው ያውቃሉ?"

ልጄ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። "እኔ ወድቄ አላውቅም" አልኩ።

"የሰውነት ጸጉር፣ ጢም እንዴት ነው? በየስንት ጊዜው ይላጫሉ?"

"በየማለዳው እላጫለሁ!" ደረቴን ነፋሁ። "የሙያ ነገር ነው።"

"ጎበዝ" ብላ አለፈችው። ሲያዩኝ የሚያከብሩኝ ሰዎች አሉ፣ እሷም አንዷ ናት።

ምላጬን ነርሷ ወስዳዋለች። ክፍል ውስጥ ስለት አይገባም አሉ። ከአጠገቤ ያለው ሰውዬ ጢሙ ዛሬ ጥቁር ሆኗል።

ዓርብ 27

ሬዲዮ መጣ። ነርሷን ለምኖ አስፈቅዶ ብሩሽ፣ ሳሙናና ምላጭ ይዟል። "ጋሼ፣ እንዲህ ሆነው ሰው አያይዎትም፣ ላስውብዎት" አለኝ። ፎጣ አንገቴ ላይ አሰረ። አረፋ ሳይመታ በፊት፣ እንዳስተማርኩት፣ መዳፉን ከአገጬ ወደ ጆሮዬ ወደ ላይ አስኬደ። የጢሙን አቅጣጫ የምናውቀው እንዲያ ነው።

እጁ ጉንጬ ላይ ቆመ። በሌላኛውም ሞከረ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ምላጭ አልነካዎትም" አለ።

"ጥሩ አላጫጬን ታውቃለህ።"

"ጋሼ፣ ይሄ የተላጨ አይደለም። የተላጨ እንዴት እንደሚሆን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። እዚህ ምንም የለም። የሕፃን ልጄ ጉንጭ ነው።"

"ዝም በል።"

"የክንድዎስ ጸጉር የት ሄደ? እኔ እኮ ሳይ ነው የከረምኩት፤ ከዚያ መሰላል ወዲህ እርስዎ እርስዎን አይመስሉም። ሐኪሟ ማወቅ አለባት።"

"ከነገርካት ወንበርህን ተሸክመህ ከሱቄ ውጣ።"

ብሩሹን አጥቦ ጠቀለለው። "እወጣለሁ" አለኝ። "ነግሬ ነው የምወጣው ግን። እስከ ነገ እጠብቅዎታለሁ።"

ጢም የሸሸው ጢም ላጪ። መንገዱ በሙሉ ሲስቅ ከዚሁ ይሰማኛል። ዳኛው ጥላቸውን ሊጠይቁ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ እሱን አልጽፈውም፤ ሚስቴ ብትኖር ታውቀው ነበር፣ ትስቅም ነበር።

ክፍሉ ሲተኛ ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "አዎ፣ ወንበሩም መስታወቱም... አይ፣ አልነገርኩትም... እኔስ የት ደስ ብሎኝ።" አፍንጫዋን ጠረገች። እኔ እንደ ተኛሁ ሆንኩ።

ቅዳሜ 28

ሁሉንም እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

ሐኪሟ ጠዋት መጣች። ልጄ ልብሴን አጣጥፋ ጨርሳለች። ሬዲዮ በሩ ጋ ቆሟል፣ ባርኔጣውን ይጠመዝዛል።

"አባባ፣ ጨውዎ ተስተካክሏል። ሌላ የተለየ ነገር አላገኘንም። ዕድሜ ነው። ቤት ገብተው ይረፉ፣ ሥራው ይቅርብዎ።"

ልጄ እጄን ያዘች። "አባዬ፣ ሰምተሃል አይደል? ወንበሩን በክብር የሚይዝልን ሰው አግኝቻለሁ። እሺ በለኝ በቃ።"

ግትር ነህ ተብያለሁ፣ ጨቅጫቃ ተብያለሁ፣ በሐሜትም በግልጽም። ሁሉንም ተሸክሜያለሁ። ግን ያለ ዕድሜዬ ዕድሜ ነው ብለው ወንበሬን ሊሸጡት ነው? ሬዲዮ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ለኔ ጉዳይ ሌላ አፍ አያስፈልገኝም።

"ዕድሜ አይደለም!" አልኩ። "ወድቄ ነው!"

"ከምን?" አለች ልጄ።

"ከመሰላል። ከዝናቡ በፊት።"

"የቁም ሳጥኑስ በር?"

"የቁም ሳጥኑ በር ምንም አላጠፋም።"

ሐኪሟ ብዕሯን አወጣች። "ራስዎን ስተው ነበር?"

ሬዲዮን አየሁት፣ አየኝ። "ስቼ ነበር" አልኩ። "አሁን እጅሽን አምጪ፣ ዶክተር።" መዳፏን ጉንጬ ላይ አደረግሁት፣ ወደ ላይ አስኬድኩት። "ከተላጨሁ አምስተኛ ቀኔ ነው።"

"በየማለዳው እላጫለሁ አላሉኝም እንዴ?"

"እላጫለሁ! አንቺ በየስንት ጊዜው አልሽኝ፣ እኔ መለስኩ። ጢም ይበቅላል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።"

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ሐኪም አልጋ ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ አዲስ ጥያቄ ጀመረች፣ እኔም ሁሉንም ሰጠኋት፦ ሹራቡን፣ ሾርባውን፣ ጫማውን፣ ያልጻፍኩትንም ጭምር። እሱን ስናገር ልጄን ወደ ውጭ ላክኋት። ሬዲዮ ሳይላክ ወጣ።

ልጄ ስትመለስ አልጮኸችብኝም። "ወደ ድስቱ የመለስከውን ሾርባም አይቼ ነበር" አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም ጭንቅላቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።

ሰኞ 30

ትናንት ማለዳ ደም ቀዱ፣ ጭንቅላቴንም በትልቁ ማሽን አነሡት። ዛሬ ሐኪሟ እየሮጠች ነው የመጣችው።

ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታክል ዕጢ አለች አለችኝ። ዕጢ ስትል ልጄ ክው አለች። "አይ፣ በሽታ አይደለችም፣ ከተወለዱ ጀምሮ አብራቸው ያለች ናት" አለቻት። ስሟ ፒቱታሪ ነው። ሥራዋ ሌሎቹን ዕጢዎች ማዘዝ ነው፦ አንተ ሙቀት ስጥ፣ አንተ ጉልበት ስጥ፣ አንተ ጢም አብቅል። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ግንዷ ይጎዳል፣ ትእዛዙ ቀስ በቀስ ይቋረጣል፣ ሰውም ደከመኝ እያለ ዕድሜውን ይወቅሳል።

"ገባኝ" አልኳት። "ባለሱቁ ወደቀ፣ ሠራተኞቹ ሥራ ፈቱ።"

"ልክ ነዎት" አለችና ሳቀች። "ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ግን ሱቁ በሙሉ ይዘጋ ነበር፣ አባባ። አንድ ከባድ ጉንፋን ይበቃዎት ነበር።"

የመጀመሪያውን መድኃኒት ጠዋት ሰጡኝ። ከቀትር በፊት ራበኝ። ራበኝ! የራሴን በላሁ፣ የጎረቤቴንም ዳቦ ጠየቅሁት። ሌሎቹ መድኃኒቶች በየተራ ይመጣሉ፣ የጢሙ መጨረሻ ላይ።

ነርሷ ስታልፍ "ዋናው ነገር ተገኘልዎት" አለችኝ። ማን አገኘው? ማሽኑ ያየው እኔ ካሳየሁ በኋላ ነው። ይህም ይጻፍ።

ማክሰኞ 8

ሱቅ ገባሁ። በአንድ ሹራብ።

ሬዲዮ ወንበሩን ተሸክሞ መንገድ ላይ ቆሟል። "ውጣ ብለውኝ አልነበር?" ይላል፣ ሰዉ ይስቃል። "አስገባው፣ እግረኛ ይደናቀፋል" አልኩት። ከዚህ የተሻለ ይቅርታ አላውቅም፣ እሱም ከዚህ የተሻለ አልጠበቀም።

ወሬውን ለመንገዱ በሙሉ አሰራጭቷል። ዳኛው ቆመው ፍርድ ሰጡ፦ "ውርርዱ በሌለ ጢም ላይ የተደረገ ስለሆነ ፍርዱ ተሽሯል። ጥላዬን!"

"ይግባኝ" አልኩ። "እስኪታይ ጥላው እኔ ጋ ይቆያል።"

ሳቁ እንደ ፈራሁት አልነበረም። መጀመሪያ እኔ ነኝ የሳቅሁት፣ ስለዚህ የኔ ሳቅ ነው።

መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው። ጠዋትና ቀትር። ቀትሩን ከመስታወቱ ጀርባ ዞር ብዬ ነው የምውጠው፤ ማንም ዓይኑን ሊያሳርፍብኝ አይገባም። ሐኪሟ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ ትኩሳት ከያዘዎት እጥፍ ይዋጡ፣ መድኃኒቱን ካስመለሱ ግን አይጠብቁ፣ ሆስፒታል መጥተው መርፌ ነው፣ በዚያው ሰዓት። ልጄ ሦስቴ አስደገመችኝ። እንደ ሕፃን። ደገምኩላት፣ በትዕቢት።

ቅዳሜ 19

ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ልጄ ቤት፣ ባዶ በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። ለሁለት ቀን ብቻ። ሰኞ ሱቅ እከፍታለሁ።

ትናንት ሲነጋ ሰውነቴ ይነድ ነበር። እጥፉን ዋጥኩ። ወጣ። ደገምኩ። እሱም ወጣ። የሱቁ ቁልፍ እጄ ላይ ነው፣ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ፣ የፋርማሲው ባለቤት ልጁን ሊድር ነው፣ በኔ ምላጭ ካልሆነ አልላጭም ብሏል። እሄዳለሁ ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ። በሩ መያዣ ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ ያንን የድሮውን ማለት ጀመረ። ሱቅ ብደርስ፣ አረፋ ብመታ፣ ምላጩን ብከፍት፣ በዚህ ጊዜ አጥፌ ኪሴ ለመክተት ፋታ ላላገኝ እችላለሁ። ጉሮሮው የሰው ነው።

ተቀመጥኩ። ቁልፉን መሬት ላይ አኖርኩት። ስልኩን አነሣሁ።

እኔ ለልጄ ደውዬ አላውቅም። እሷ ናት የምትደውለው፤ አባት አይደውልም፣ ይደወልለታል። ከኔ ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ተደውሎላት ያውቃል፣ እናቷ ያረፈች ጠዋት፣ እሱንም የደወለችው ጎረቤት ናት።

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

"አባዬ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አልኳት። "እንዳይሞት ነው የደወልኩት። ነይ።"